ሜድላሮይትን የለያያት የወሰን ድንጋይ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የበይነ መረብ ውይይት ላይ የአስተዳደር ወሰን ጉዳይ ሲነሳ አንድ ተናጋሪ የጀርመኗን ትንሽ የገጠር መንደር ሜድላሮይትን በማስረጃነት ጠቀሱ። እንደ እርሳቸው አባባል በጎረቤታሞች መካከል ወሰን ከተሰመረ ውሎ አድሮ ግንብ መከተሉ አይቀርም፤ መንደሯ እስከ ዛሬ በሁለት ክፍለ ግዛቶች ሥር መቅረቷም ጀርመኖች ከታሪካቸው አለመማራቸውን ያሳያል። አወያዩም ሆነ ሌሎቹ ተሳታፊዎች አንድም ጥያቄ ሳያነሱ አለፉት። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ንግግር በዝምታ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ሜድላሮይት የምትመሰክረው የዚህን ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ነዋሪዎቿ ሃምሳ የማይሞሉትን ይህችን መንደር ታንባኽ የተባለ ጠባብ ጅረት መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ከጅረቱ ወዲህ ያለው የባቫሪያ፣ ወዲያ ያለው የቱሪንጂያ ነው። ተናጋሪው ይህ ወሰን የቀዝቃዛው ጦርነት ውጤት እንደሆነ አድርገው አቀረቡት፤ ይህ የክርክራቸው እጅግ ደካማው ክፍል ነው። በጅረቱ ዳር የወሰን ድንጋዮች የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ1810 ሲሆን፣ በአንድ ወገን የባቫሪያን ንጉሣዊ መንግሥት፣ በሌላው ወገን የሮይስን ልዑላዊ ግዛት የሚያመለክቱ ፊደላት ተቀርጸውባቸዋል።

እንግዲህ ከ1810 በኋላ ምን ሆነ? የሁለቱም ወገን ልጆች በቱሪንጂያ በኩል ባለው አንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። መጠጥ ቤቱም በዚያው በኩል ስለነበር ገበሬዎቹ ማምሻውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር። ለጸሎት ደግሞ መንደርተኛው በባቫሪያ ወደምትገኘው ወደ ቴፐን ይሄድ ነበር። በ1918 ንጉሡም ልዑሉም ከሥልጣን ወረዱ፣ በ1920 ሮይስ በአዲሱ የቱሪንጂያ ግዛት ውስጥ ተጠቃለለ፣ አንድ የዓለም ጦርነት አልፎ ሌላው መጣ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ያ መስመር እዚያው ነበር፣ ሆኖም ጎረቤትን ከጎረቤት አልለየም። ግብሩን ለማን እንደሚከፍል፣ አቤቱታውን ለየትኛው ሹም እንደሚያቀርብ ለገበሬው ከመንገር ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ወሰን በራሱ ግንብ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ዓመት በላይ ምን ሲጠብቅ ቆየ? ተናጋሪው ይህን ጥያቄ አላነሱትም፤ ቢያነሱት ኖሮ ክርክራቸው እዚያው ላይ በፈረሰ ነበር።

ግንቡን ያመጡት መንግሥታትና ትእዛዛቸው ናቸው። ከ1945 በኋላ አሸናፊዎቹ ኃያላን አሮጌውን መስመር የወረራ ቀጠናዎቻቸው ዳርቻ አደረጉት፤ በ1949 ሁለት ጀርመኖች ሲመሠረቱ ደግሞ የሁለት አገሮች ድንበር ሆነ። በ1952 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በድንበሩ አካባቢ የማያምናቸውን ቤተሰቦች ከቤታቸው አፈናቀለ፣ በመንደሯም መሐል የጣውላ አጥር አቆመ። በ1966 ደግሞ 700 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከ3 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ገነባ። የአሜሪካ ወታደሮች ስፍራውን ትንሿ በርሊን ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በምሥራቁ ወገን የሚኖር ሰው ከጅረቱ ማዶ ለሚያየው ዘመዱ እጁን አንሥቶ ሰላምታ መስጠት እንኳ ተከልክሎ ነበር። ይህን ክልከላ ጅረቱ አላወጣውም፣ የ1810ሩ ድንጋይም አላወጣውም። እያንዳንዱ እርምጃ ፈራሚ፣ አዛዥና ጠመንጃ የያዘ አስፈጻሚ ነበረው። ጥፋቱን በመስመሩ ላይ መደፍደፍ እነዚህን ሰዎች ከተጠያቂነት ማስመለጥ ነው፤ እኔን ያስቆጣኝም ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

የዛሬይቱን መንደር በተመለከተ የተናገሩትም ከዚህ አይሻልም። እውነት ነው፣ ሜድላሮይት ዛሬም ሁለት ከንቲባዎች፣ ሁለት የፖስታ ቁጥሮችና ሁለት የስልክ መለያ ቁጥሮች አሏት፤ የመኪኖቹ ሰሌዳም ይለያያል። ይህ የወረቀት ሥራ እንደሚያበዛ አልክድም። ነገር ግን ሰላምታው በአንደኛው ወገን እንደ ባቫሪያ፣ በሌላው እንደ ቱሪንጂያ ወግ በሆነበት በዚያ መንደር ማንም ሰው ጅረቱን ለመሻገር ፈቃድ አይጠይቅም። ይህን ከግንቡ ዘመን ጋር አንድ አድርጎ ማየት ያን ዘመን ለኖሩት ሰዎች ክብር መንፈግ ነው።

የበርሊን ግንብ ከተከፈተ ልክ ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1989፣ በሜድላሮይትም የእግረኛ መተላለፊያ ተከፈተ፤ ሰኔ 17 ቀን 1990 ደግሞ የግንቡ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ። 100 ሜትር ያህሉ ብቻ ለሙዚየም ተጠብቆ ቆይቷል። ያን ጊዜ የፈረሰው ግንቡ እንጂ ወሰኑ አልነበረም፤ ወሰኑ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው አልጎዳም። ሜድላሮይትን ለክርክር መጥቀስ የሚፈልግ ሁሉ ቢያንስ ከ1810 ጀምሮ ይቁጠር፣ ግንቡንም ማን እንዳዘዘው በስሙ ይጥራ።