ዳንቴል ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ

አዲስ ላፕቶፕ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኮር ስንት ነው?» ኮር የሚሉት የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የላፕቶፑን አንጎል፣ ደረጃ ነው፤ ምን ሊሠራበት እንደተገዛ የሚጠይቅ የለም። ኮር አይ ሰባት ከተባለ «ኧረ በለው!» ይባላል፤ ኮር አይ ሦስት ከተባለ ወሬው ወደ ቡናው ይዞራል። በሦስተኛው ቀን ያ ኮር አይ ሰባት እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ሲጀምር ደግሞ፣ ኮር ሲቆጥር የነበረው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ቫይረስ ነው።» «ያገለገለ ነው የሸጡልህ።» የመጨረሻው ቃል ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ፎርማት፣ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን፣ በኛ ሰፈር እንደ ዳማከሴ ነው፣ ሕመሙ ሳይጠየቅ ይታዘዛል።

ድምፁን ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ግን የለም። «ሹሹሹ» የሚል የነፋስ ድምፅ ከሆነ ፋኑ፣ ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ጤነኛ ነው፤ ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው። «ቀጭ ቀጭ» ወይም «ክርርር» እያለ፣ ላፕቶፑ ዘንበል ሲል ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ፣ ወይ ኩሽኔታው ተበላሽቷል ወይ ውስጥ ያለ ሽቦ ክንፉን ይነካል። አዲስ ዕቃ ላይ ይህ በዋስትና ወደ ሻጩ የሚመለስ ጉዳይ ነው። ካቻቪቴ ይዞ የሚመጣውን የአክስት ልጅ በር ላይ ማስቀረት ይሻላል፤ የዋስትናው ተለጣፊ አንዴ ከተቀደደ ሻጩ ሌላ ነገር አይሰማም። ሦስተኛው ጆሮ ሥር ያለች ትንኝ የሚመስል ቀጭን «ጺጺጺ» ነው። እሱ ጭራሽ ፋን አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ጥቅልሎች ንዝረት ነው፣ ቻርጀር ሲሰካና ሲነቀል ይለዋወጣል። ያሰለቻል እንጂ ዕቃውን አይጎዳም።

«ሹ» ነው እንበል። አዲስ ዊንዶውስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት እንደቀየረ ሰው ነው፤ ዝማኔ ያወርዳል፣ ፋይሎቹን ለፍለጋ ይመዘግባል፣ ዲፌንደሩ፣ የራሱ የዊንዶውስ አንቲቫይረስ፣ ጓዳ ጎድጓዳውን ይፈትሻል። ደህና ኢንተርኔት ካለ በአንድ ሁለት ቀን ይረጋጋል። በስልክ ሆትስፖትና በሰዓት ጥቅል ሲሆን ግን ዝማኔው ግማሽ ላይ እያለ ጥቅሉ ያልቃል፣ ነገም እንደገና «ሹ» ይላል። ቻርጀር ሰክቶ፣ ዋይፋይ ባለበት አንድ ሌሊት ክፍቱን ማሳደር፣ ፍርዱንም ለጠዋት ማቆየት ነው።

ጠዋትም ካልተወ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ይጫኑና የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ሲፒዩ» (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለው አምድ አናቱ ላይ ሲነካ ትልቁ በላተኛ ወደ ላይ ይመጣል። ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ላፕቶፕ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከ10 ፐርሰንት በታች መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ነው የሻጩ ቸርነት የሚገለጠው። «ሙሉ ሶፍትዌር ጭነንበታል» ያለው ለካ ሁለት አንቲቫይረስ ጭኖበታል፤ እንደ ሁለት ዘበኛ አንዱ የከፈተውን ፋይል ሌላው «ቁም፣ ተፈተሽ» እያለ ይውላሉ። አንዱን ማጥፋት ነው። ክራክ የተደረገው፣ ፈቃዱ ተሰብሮ በነጻ የተጫነው ፕሮግራም ደግሞ አንዳንዴ ጥገኛ ይዞ ይመጣል፤ በባለቤቱ መብራት ለሌላ ሰው ክሪፕቶ፣ የዲጂታል ገንዘብ፣ የሚቆፍር። ከነዚህ ውስጥ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሥራውን አቁሞ ዝም የሚል፣ ሲዘጋ የሚቀጥል አለ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አለቃ ሲገባ ሥራ ይጀምራል፤ ይኼኛው አለቃ ሲገባ ነው የሚያቆመው። ታስክ ማናጀሩ ሲከፈት ፋኑ እየረጋ፣ ሲዘጋ እየጮኸ ካስቸገረ በዲፌንደር በኩል የኦፍላይን ፍተሻ ማዘዝ ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሳል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጥገኛው እዚያም ካልወጣ፣ አዎ፣ ያኔ ፎርማት።

ኮር አይ ሰባቱ ዎርድ ለመጻፍና ፊልም ለማየት ብቻ ከሆነ የተገዛው፣ ልጓሙን መያዝ ነው። በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ውስጥ «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ ከቆመ ወደ «ባላንስድ» ይመለስ። ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍኤን እና ኪው፣ አሱስ ላይ ኤፍኤን እና የኤፍ ፊደል በአንድነት ሲጫኑ የጸጥታው ሁነታ ይመጣል። አሁንም ካልበቃ በኮንትሮል ፓነል የፓወር ኦፕሽንስ ዝርዝር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 ይውረድ፤ በባትሪም በቻርጀርም። አንዲት ፐርሰንት ምን ታመጣለች ይባል ይሆናል፤ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ቱርቦው፣ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚጋልብበት ፍጥነት፣ የሚጠፋው በዚህችው ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን አያውቀውም፣ ካልነገሩት።

ቀሪው ጥፋት የቤታችን ነው። ሶፋው ከነፕላስቲኩ፣ ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በሚኖርበት ቤት ላፕቶፑ ብቻ ራቁቱን እንዲኖር አይፈቀድለትም። የፋብሪካው ስስ ፕላስቲክ እንዳለ ነው፣ «አዲስነቱ እንዳይጠፋ»፤ ከላዩ የኪቦርድ ላስቲክ፣ ከሥሩ ዳንቴል። ላፕቶፕ ደግሞ በአብዛኛው በሆዱ ነው የሚተነፍሰው፤ ቀዝቃዛውን ከሥሩ ይስባል፣ ትኩሱን በማጠፊያው ወይም በጎኑ ይተፋል። በኪቦርዱም በኩል የሚስብ አለ። ትኩሱ በሚወጣበት በኩል እጅን ጠጋ አድርጎ መሞከር ነው፤ ጩኸቱ ትልቅ፣ ትንፋሹ ደካማ ከሆነ መግቢያው ታፍኗል። ዳንቴሉ ሲነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድምፁ ሲወርድ ይሰማል። ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ ፊልም የሚያሳይማ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚሮጥ ሰው ነው።

አየራችንም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ባቄላውም አልበስል የሚለው ለዚሁ ነው። ስስ አየር በአንድ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ፣ ፋኑ የጎደለውን በሩጫ ያካክሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ከፊሉን ይክሳል እንጂ፣ ዱባይ ሱቅ ውስጥ ኤሲ ሥር ዝም ያለው ላፕቶፕ እዚህ ሲደርስ እንደ አትሌቶቻችን እንጦጦ ልምምድ ላይ ነው። ደግሞም ከባድ ሥራ ላይ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ መድረስ የተለመደ ነው፤ ብዙው ፕሮሰሰር ወደ 100 ሲጠጋ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አቧራ የአዲስ ላፕቶፕ በሽታ አይደለም፤ ከዓመት በኋላ ከዕጣኑ ጋር ተስማምቶ ይመጣል። ያኔ አጥፍቶ፣ ክንፉን በስቴኪኒ ያዝ አድርጎ በታመቀ አየር አጠር አጠር አድርጎ መንፋት ነው። በአፍ «እፍ» ማለት ምራቅ ማስገባት ነው።

ለአሁኑ ሁለት የሃይላንድ ክዳን ይበቃል። ከኋላ በግራና በቀኝ ሲደገፍበት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ያገኛል፣ ድምፁም ረገብ ይላል። እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ነው ታዲያ፤ «ምንድን ነው ይኼ ቆሻሻ?» ተብለው ክዳኖቹ ይለቀማሉ፣ ዳንቴሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይመለሳል፣ እንግዳውም አረፍ እንዳለ ላፕቶፑን አየት አድርጎ ይጠይቃል፦

«ኮር ስንት ነው?»