«የማን ታቦት ነው?» እናቴ ዶር ካውንቲ ላይ የጠየቀችኝ ጥያቄ

ባለፈው ሰኔ እናቴ ከባህር ዳር መጥታ ስለነበር ከከተማው ትንሽ ወጣ እንበል ብዬ ዊስኮንሲን ውስጥ ወዳለው ዶር ካውንቲ ይዣት ሄድኩ፣ ከቺካጎ አራት ሰዓት ከምናምን ያስነዳል፣ በአንድ ወገን ሚሺጋን ሐይቅ በሌላው ወገን ግሪን ቤይ ከበውት እንደ ጣት ወደ ውሃው የገባ ምድር ነው። እናቴ መጀመሪያ ያለችው «ይሄ ዘጌን አይመስልም?» ነበር። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ያሰብኩት እሱን ነው።

የቼሪ ዛፍና የከብት መኖ የተዘራበትን ማሳ እያለፍን ስንነዳ ከሜዳው መሀል ብቻዋን የቆመች ጥቅጥቅ ያለች ጫካ አየች፣ ዙሪያው ሁሉ ታርሷል እሷ ብቻ ቀርታለች። እናቴ አማተበችና «የማን ታቦት ነው?» አለችኝ። እኛ አገር ሜዳ መሀል እንዲህ ያለ ጫካ ካየህ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ታውቃለህ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ታቦት የለም እማዬ፣ ሰው በስጦታ የሰጠው መሬት ነው አልኳት። «ለማን ነው የሰጠው?» አለች።

እዚህ ላይ ነው መልስ ያጠረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤይሊስ ሃርበር የምትባለው መንደር አጠገብ፣ 1869 እ.ኤ.አ. ለመርከቦች መንገድ እንዲያሳዩ የተሠሩ ሁለት የመብራት ቤቶች ያሉበት መሬት አለ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ወደ 40 አክር የሚሆነውን (አንድ አክር ግማሽ ሄክታር አይሞላም) ለፓርክ ብሎ ለካውንቲው፣ እንደኛ ወረዳ ላለው አስተዳደር፣ ሰጠው፣ ካውንቲው ደግሞ ተጎታች ቤቶች የሚቆሙበት ቦታ ላድርገው አለ። የአካባቢው ሰዎች እምቢ አሉ። ከዴንማርክ መጥቶ ቺካጎ ውስጥ ትልልቅ ፓርኮችን የነደፈው ጄንስ ጄንሰን እዚያ ካውንቲ ነበር የሚኖረው፣ ኤማ ቶፍት የምትባል እዚያው ያደገች ሴት ነበረች፣ ሌሎችም፣ ተሰብስበው 1937 እ.ኤ.አ. ማህበር አቋቋሙ፣ ዘ ሪጅስ ሳንክቹዋሪ ይባላል፣ በዊስኮንሲን የመጀመሪያው የመሬት አደራ ማህበር፣ ማለትም መሬት ተረክቦ እንዳይነካ የሚጠብቅ ማህበር፣ እሱ ነው። ጊዜውን በኛ ብታስቡት እኮ አርበኞቻችን ጫካ ገብተው ጣልያንን የሚዋጉበት ዘመን ነው። በ40 አክር የተጀመረው ዛሬ ወደ 1,600 አክር ደርሷል፣ እየተገዛም በስጦታም። ሐይቁ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ እየሸሸ የተዋቸው ወደ 30 የሚሆኑ የአሸዋ ጉብታዎች አሉ፣ በመሀላቸው ረግረግ፣ ረግረጉ ውስጥ ከ20 የሚበልጥ ዓይነት ኦርኪድ፣ እንዲሁም በአሜሪካ ሊጠፉ ነው ተብለው በሕግ ከሚጠበቁት ነፍሳት አንዷ የሆነች ዓይኗ አረንጓዴ የውሃ ተርብ።

ኤማ ቶፍት ደግሞ አባቷ ያቆዩላትን ትልልቅ ዛፍ ያለበት የሐይቅ ዳር መሬት ለሆቴል ሠሪ ብትሸጠው ትበለጽግ ነበር፣ እሷ ግን 1967 እ.ኤ.አ. ለተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት አስተላለፈችው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቀዋል፣ ማንም ገብቶ ይሄድበታል።

በኋላ 1986 እ.ኤ.አ. ሌላ ማህበር ተቋቋመ፣ የዶር ካውንቲ ላንድ ትረስት፣ እሱም ከ8,000 አክር በላይ አስጠብቋል። ትንንሾቹን ቦታዎች ሳያቸው ነው ልቤ የሚነካው፣ አራት መኪና የምትይዝ የጠጠር ማቆሚያ፣ አንድ ሰሌዳ፣ ክፍያ የለም፣ ዘበኛ የለም። መግቢያው ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽ ተተክሏል፣ የመጤ አረም ዘር በጫማህ ይዘህ እንዳትገባ። እናቴ ብሩሹን አይታ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ መስሏት ጎንበስ ብላ ልታወልቅ ስትል አየኋት፣ ዝም ብዬ አየኋት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም እንባዬ መጣ።

ለማን ነው የተሰጠው ላለችው መልሱ፣ ለማህበሩ ነው፣ ግን ማህበሩ እንደፈለገ ሊያደርገው አይችልም፣ ሰነዱ ያስረዋል። ሌላም መንገድ አላቸው፣ ባለቤቱ መሬቱን ሳይለቅ «ሕንጻ የመሥራት መብቴን፣ የመከፋፈል መብቴን ለዘላለም ትቻለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ ውሉ ከመሬቱ ጋር ተመዝግቦ ይሄዳል፣ ቢሸጠውም ቢሞትም የሚቀጥለው ባለቤት ይታሰርበታል። መንግሥት ለዚህ የታክስ ቅናሽ ይሰጣል፣ በአንድ ዓመት ካላለቀ እስከ 15 ዓመት ድረስ እየተሸጋገረ ይቀነስለታል። ስለዚህ ሁሉም ጽድቅ ብቻ ፈልጎ አይደለም፣ ታክሱም አለ፣ ከጎረቤቱ ቤት እንዳይሠራበት የፈለገም አለ፣ ቢሆንም ዛፉ ቆሟል። ደግሞ መነገር ያለበት፣ ያ ምድር የአገሩ ነባር ተወላጆች የሆኑት የሜኖሚኒ ሕዝብ ነበር፣ በ1831 እ.ኤ.አ. ውል ነው የለቀቁት፣ የሚሰጠው መሬት መጀመሪያ እንዴት እንደተገኘ ሳያነሱ ስለ ደግነት ብቻ ማውራት ደስ አይለኝም።

አሁን ወደኛ ልምጣ። እኛ ይሄን ከማንም አልተማርንም እኮ። ዘጌን ተመልከቱ፣ ሽማግሌዎች እንደሚሉት አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን ምክንያት በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ነው፣ ሰው በቡናና በጌሾ ይኖራል፣ ጫካው በዚያ ቃል ቆሞ ብዙ መቶ ዓመት ዘለቀ። ደቡብ ጎንደርን ደግሞ ከላይ በሳተላይት ብታዩት ቡናማ ማሳ ላይ እንደ አዝራር የተበተኑ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ናቸው፣ እያንዳንዷ ደብር ናት። ብዙ ሰው በድርሰቶቹ የሚያውቀው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ ነው፣ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንቶ፣ ተደምረው 500 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝቷል። ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ያመጡት መፍትሔ ደግሞ የድንጋይ ካብ ነው፣ ደኑን ዙሪያውን መካብ፣ ከብት እንዳይገባና ችግኙን እንዳይበላ፣ ሰውም ድንበር እንዳይገፋ። ካቡ ከቆመ ችግኝ ራሱ ይነሳል።

የኛ ልዩነት ታዲያ የቱ ጋ ነው? አንደኛው ሕጉ ነው። በኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40፣ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፣ ለልጁ ያወርሳል፣ ግን ከሄክታር ያነሰች ማሳ ያለው ሰው ምኑን ለዛፍ ይስጥ፣ ይሄን ከሱ መጠበቅ ግፍ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ የግልም የማህበረሰብም የማህበርም ደን ብሎ ያውቃል፣ ጥሩ ነው። ግን እኔን የሚያንገበግበኝ ሕጉ አይደለም፣ እኛ ውጭ ያለነው ነን።

የኔን ልናገር። ጣና አጠገብ ያለችው ያደግኩባት ደብር ልትታደስ ነው ተብሎ እዚህ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ እኔም ከፈልኩ፣ ሌላውንም እየደወልኩ አስከፈልኩ፣ ትልቅ አዳራሽ፣ የሚያብረቀርቅ ጣሪያ፣ ሰፊ የመኪና መግቢያ። ሲያልቅ ቪዲዮው በቴሌግራም ተላከ፣ ሁሉም እልልታ ይጽፋል። እኔ ደጋግሜ እያየሁ የምፈልገው ዋንዛውን ነበር፣ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀመጥበትን። የለም። ወይራዎቹም የሉም፣ በነሱ ቦታ በመስመር የተተከለ ባህር ዛፍ አለ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ቄሶቹም ኮሚቴውም የታየውን ነው የሠሩት፣ ገንዘቡን የላክነው እኛ ግን ዛፉ ይጠበቅ የሚል አንዲት መስመር አልጻፍንም፣ ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አሜሪካኖቹ እኮ ሲሰጡ መጀመሪያ የሚጽፉት ምን እንደማይደረግ ነው። አይቆረጥም፣ አይሠራበትም፣ አይከፈልም። የኛም አባቶች ግዝት የሚሉት ይሄው ነበር፣ የማይደረገውን መናገር። እኛ ስንሰጥ የሚሠራውን ብቻ ቆጥረን እንልካለን፣ ቆርቆሮ ስንት፣ ሲሚንቶ ስንት፣ ማይክራፎን ስንት። ከደቡብ ጎንደር የተራቆተ መሬት ጉማራና ርብ አፈሩን ጠርገው ጣና ውስጥ ሲጨምሩት ደግሞ ስለ ሐይቁ እናለቅሳለን።

እናቴ ከመሄዷ በፊት ነገሩን ሁሉ አጫወትኳት፣ ስለ ዋንዛውም። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ የቀረው አለ እኮ፣ በስተ ምሥራቅ ያለው ጓሮ አልተነካም» አለችኝ። እሱን አላወቅኩም ነበር፣ ቪዲዮው አላሳየውም።

ባህር ዳር ስትደርስ ለአለቃው ነግራቸው በድምፅ መልእክት መለሱልኝ። ካብ ልታስክቡ ነው ወይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ድንጋይ ሞልቷል አሉኝ፣ ገበሬው ከማሳው እየለቀመ የሚጥልበት አጥቶ ነው፣ ቢነሳለት ደስታው፣ የሚያስፈልገው የካቢዎቹ ምግብና የበሩ እንጨት ነው። ዙሪያውን በእርምጃ ለክተው 640 እርምጃ ሆነ ብለዋል። የመጪው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ያለነው እንሰበሰባለን፣ ከገንዘቡ በፊት ወረቀቱን ነው የማቀርበው፣ ከካቡ ውስጥ ምን እንደማይደረግ የሚዘረዝረውን፣ አለቃውም ምእመኑም የሚፈርሙበትን።