በልስን ውስጥ የሚቀበር ሲሚንቶ

ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር የግድግዳውን ቀጥታ የሚለካበትን ቱንቢ ሳይጥል ቢያልፍና ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ቢያዘምም፣ ጥፋቱን የሚሸፍንለት ተከትሎት የሚመጣው ለሳኝ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው የታሰበው ልስን ቦታ ቦታውን 4 ይደርሳል፤ ከላዩ ጂፕሰምና ቀለም ሲያርፍበት ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይታያል። ሒሳቡ ግን አይጠፋም። በ100 ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ በአማካይ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ልስን ማለት 2 ሜትር ኩብ ቡኮ ነው፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከአራት እጅ አሸዋ ጋር ቢቦካ ወደ 7 ኩንታል የሚጠጋ ሲሚንቶ ይበላል፣ በዚያ ላይ 4 ቶን ያህል ያልታሰበ ክብደት ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ላይ ይጫናል።

ይህ ሲሚንቶ ቤት ሠርቶ በሚሸጠው ድርጅት መዝገብ ውስጥ የሚገኘው «ለልስን የወጣ» ተብሎ ነው። ወጪው ከግምቱ ለምን በለጠ ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ የተለመደው ነው፦ ሲሚንቶ ተወደደ፣ ብር ወረደ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እውነት በመሆናቸውም ለሦስተኛው ምክንያት፣ ለጥራት ጉድለት፣ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነውለታል። የቤት አልሚዎቻችን የጥራት ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው የማያውቁት፣ በእኔ እምነት፣ ወጪው በስሙ የሚመዘገብበት መስመር ስለሌለው ነው።

አሜሪካዊው የጥራት ባለሙያ አርማንድ ፋይገንባም እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጽሑፍ የጥራትን ወጪ በሦስት ከፍሎት ነበር፦ ጥፋት እንዳይደርስ የሚወጣ፣ ሥራውን ለመመርመር የሚወጣ፣ ጥፋት ከደረሰ በኋላ የሚወጣ። የመጨረሻውን ደግሞ ከርክክብ በፊት የተገኘና ከርክክብ በኋላ የተገኘ ብሎ ለሁለት መለየት የተለመደ ነው። አከፋፈሉ ለፋብሪካ የታሰበ ቢሆንም ለሕንፃ ሥራ ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል፤ በሕንፃ ሥራ አንዱ ሥራ ሌላውን እየቀበረ ስለሚሄድ፣ ዛሬ በአንድ ሰዓት የሚታረመው ነገር ከወር በኋላ በላዩ የተሠራውን ሁሉ ሳያፈርሱ አይደረስበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ክትትል ስሠራ ያየሁትን ላንሳ። የመታጠቢያ ቤት ወለል ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የውኃ መከላከያ ይቀባል፤ ከዚያ የፍሳሽ መውጫው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውኃ ይሞላና ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይተዋል። የታችኛው ቤት ጣሪያ ደርቆ ካደረ ሥራው ይቀጥላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውኃ፣ አንድ ጨርቅና የአንድ ቀን ትዕግሥት ብቻ ነው። የርክክቡ ቀን ደረሰ ተብሎ ሙከራው በአንዱ መታጠቢያ ቤት ላይ ተዘለለ። ነዋሪዎች ከገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ በታችኛው ቤት ኮሪደር ጣሪያ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ምልክት ታየና በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ።

ቧንቧ ሠራተኛው የላይኛውን ቤት ወለል ሰበረ። የተሰበረውን ያህል ሴራሚክ ብቻ ለመተካት ሲሞከር ያ ቀለም ከገበያ ጠፍቷል፤ ስለዚህ የክፍሉ ሴራሚክ በሙሉ ተነሥቶ ሌላ ተነጠፈ። የታችኛው ቤት ጣሪያ ተፋቀ፣ እንደገናም ተቀባ። የላይኛው ቤት ቤተሰብ ሥራው እስኪያልቅ ጎረቤት እየሄደ ታጠበ። ጉዳዩን የሚያስፈጽመው መሐንዲስ የተወሰደው ከሌላ ሳይት ስለነበር እዚያ የነበረው የአርማታ ሙሌት ሁለት ቀን ዘገየ። በመዝገቡ ላይ የቀረው የሴራሚኩ ዋጋና የሠራተኛው የቀን ሒሳብ ነው፤ እርሱም «ልዩ ልዩ ጥገና» በሚለው ሥር። የመሐንዲሱ ቀናት፣ የዘገየው ሙሌትና የቤተሰቡ እንግልት የትም አልተጻፉም።

ታዲያ አልሚው ይህን ለመመዝገብ ለምን አይቸኩልም? ዋናው ምክንያት የሽያጩ አሠራር ነው። በአዲስ አበባ አብዛኛው አፓርታማ የሚሸጠው ሳይገነባ ነው፤ ገዢው ቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀሪውን ሕንፃው በደረሰበት ደረጃ እየከፈለ ይሄዳል። ደረጃው የሚለካው ደግሞ በፎቅ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ሶሌታ ሲሞላ ይህን ያህል፣ ስትራክቸሩ (የሕንፃው አጽም) ሲያልቅ ይህን ያህል እየተባለ ይከፈላል። የሦስተኛው ፎቅ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ተገቢውን ጊዜ ውኃ ሳይጠጣ ቢቀርና አርማታው ቢዳከም ክፍያው አይቀንስም፤ ለአንድ ሳምንት ውኃ በማጠጣት ቢዘገይ ግን ገንዘቡም አብሮ ይዘገያል። እንዲህ ባለ ውል ውስጥ የሚቸኩል ሰው ይሸለማል። ገዢውም ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ ሳይቱን ሲጎበኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ፎቅ ደረሰ?» ብሎ ነው፤ እኔም ቤት ስገዛ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ለመለካት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። በየሳይቱ አንድ የድጋሚ ሥራ መዝገብ ይከፈት፤ የፈረሰው ነገር፣ የባከነው ዕቃና የሰው ቀን፣ ምክንያቱም ይጻፍበት፦ ፕላኑ ዘግይቶ ነው? ዕቃው ነው? አሠራሩ ነው? የኤሌክትሪክ መስመር ተረስቶ የተለሰነ ግድግዳ ከተቦረቦረ የለሳኙ ዳግመኛ ቀን በልስን ሒሳብ ሳይሆን በዚህ መዝገብ ይያዝ። የሦስት ወር መዝገብ እንኳ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚፈስ ያሳያል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መዝገቡ ፎርማንን ለመቅጣት ከዋለ በማግሥቱ ባዶ ይሆናል፤ ጥፋቱም እንደ ቀድሞው በልስን ይሸፈናል።

አልሚው ራሱ ካልጀመረው ገዢው በውሉ በኩል ሊያስጀምረው ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩን ለሕንፃው ጥንካሬና ለሥራው በደንብ መሠራት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጊዜውን የሚያሳጥር የውል ቃልም አይጸናም። ሆኖም ይህን ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ ገዢ ብዙ አላየሁም፤ ሂደቱ ረጅም ነው፣ አብዛኛው ሰውም በራሱ ገንዘብ ያስጠግናል። ስለዚህ ጥያቄው ከክፍያ በፊት መነሣት አለበት። የፎቅ ክፍያ ሲጠየቅ የዚያው ፎቅ አርማታ ከተሞላ ከ28 ቀን በኋላ የሚለካው የጥንካሬ ውጤት አብሮ ይቅረብ፤ የማጠናቀቂያ ሥራ ክፍያ ሲጠየቅ የመታጠቢያ ቤቶቹ የውኃ ሙከራ መፈረሙ ይታይ። ከመጨረሻው ክፍያ ላይም 5 በመቶው ቤቱ አንድ ክረምት እስኪያልፍበት ድረስ ይያዝ፤ ጣሪያና መስኮት የሚፈተኑት በሐምሌና በነሐሴ ነው።

አልሚዎች ይህ የገንዘብ ፍሰታችንን ያናጋል ማለታቸው አይቀርም። እነርሱ ግን የቀጠሩት ተቋራጭ ሲያስረክብ የክፍያውን 5 በመቶ መያዣ አድርገው ለአንድ ዓመት ያቆያሉ፤ ተቋራጩም ይህን አውቆ ውሉን ይፈርማል።