ማስተካከያ፦ የልጅነት የትክትክ ክትባት ለውጥ አለው

ስለ ትክትክ በወጣው ጽሑፍ፣ አዋቂ ሰው ማጠናከሪያ ክትባት እስከወሰደ ድረስ በልጅነቱ የተከተበው የትኛውም ዓይነት ቢሆን ለውጥ የለውም ተብሎ ነበር። ይህ ይታረም። ለውጥ አለው።

ክትባቱ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው የተገደለውን ባክቴሪያ ሙሉውን ይይዛል፤ አዲሱ ደግሞ የተመረጡ ጥቂት ፕሮቲኖችን ብቻ። የድሮው ጭን ያሳብጣል፣ ልጅ ያተኩሳል፤ እናት እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ አዲሱ የዞረችውም በዚሁ ሰበብ ነው።

የሚገርመው የቀጠለው ነው። በካሊፎርኒያ የላ ሆያ ኢሚውኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ አንድ ዓይነት ማጠናከሪያ የወሰዱ አዋቂዎችን ደም መረመሩ። በልጅነታቸው የድሮውን የተከተቡት ሰዎች ቲ ሴሎች (በሽታን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት) ቲኤች1 እና ቲኤች17 ወደሚባሉት ዓይነቶች ያደላሉ። አዲሱን የተከተቡት ወደ ቲኤች2። ከዓመታት በኋላ የተሰጠው ማጠናከሪያም ይህን ዝንባሌ አልቀየረውም። ባክቴሪያውን ከመተንፈሻ አካል ጠርጎ ለማስወጣት ይበልጥ የሚረዱት ደግሞ ቲኤች1 እና ቲኤች17 ናቸው።

«ታዲያ ማጠናከሪያው ምን ሊረባ?» እንዳይባል። አንቲቦዲ (ጀርምን የሚከላከል የደም ፕሮቲን) በሁለቱም ወገን ይጨምራል። ነፍሰ ጡር ስትከተብ አንቲቦዲው ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ጨቅላው የራሱን ክትባት እስኪጀምር ይከላከልለታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታቫለንት (ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት) የድሮውን ዓይነት የያዘ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የተከተበችው ልጅና ዋሽንግተን የተወለደው የአክስቷ ልጅ፣ አድገው አንድ ዓይነት ማጠናከሪያ ቢወስዱም ሰውነታቸው የሚሰጠው ምላሽ ሊለያይ ይችላል።