ክርክር፦ ባድመን ያስረከበው አልጀርስ ነው?

የቀረበው ሐሳብ፦ «ኢትዮጵያ በጦር ሜዳ አሸንፋ ሳለ ከኤርትራ ጋር ያላትን ድንበር በአልጀርስ ውል ለሄግ የድንበር ኮሚሽን መተዋ ስህተት ነበር።» ደጋፊው በዚያ ጦርነት የተዋጉ ጡረተኛ ሻለቃ፣ ተቃዋሚዋ የዓለም አቀፍ ሕግ መምህርት ናቸው።

ሻለቃው

ነገሩን አላወሳስበውም። ግንቦት 4 ቀን 1990 የኤርትራ ጦር በታንክ ታጅቦ ባድመ ገባ። የካቲት 1991 በዘመቻ ፀሐይ ግባት ምሽጉን ሰብረን አስለቀቅናት። ያንን ምሽግ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በግንድና በድንጋይ የተደፈነ ነው። ከፊቱ ፈንጂ ተነጥፏል። ከኋላው ሌላ ምሽግ አለ። ግንቦት 1992 ደግሞ ዛላምበሳን አስለቅቀን ባሬንቱ ገባን። ሰኔ 11 ተኩስ ሲቆም ሁለቱን ጦር የሚለያየው የ25 ኪሎ ሜትር የጸጥታ ቀጠና እንዳለ የተቀመጠው በኤርትራ በኩል ነው።

ይህ ሁሉ በእጃችን ሳለ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ፈርመን ለአምስት ሕግ አዋቂዎች አስረከብን። እነሱም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ፈረዱ። ባድመ ሄደች። ውሳኔው ላይ ባያያዙት ካርታ ባድመ የምትባል ነጥብ እንኳ የለችም! ወታደር የሞተላትን ከተማ ስሟን ሳይጽፉ ሰጡብን።

መምህርቷ

«ለአምስት ሕግ አዋቂዎች አስረከብን» የሚለው ከሰማይ የወረዱ ያስመስላቸዋል። ከአምስቱ ሁለቱን የመረጥነው እኛ ነን፤ ሁለቱን ኤርትራ መረጠች። የአልጀርስን ውል አንቀጽ 4 ያንብቡት። ኮሚሽኑ በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ይፈርዳል። «ይሄ ይሻላል፣ ይሄ ያስታርቃል» ብሎ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ይህንን አስገድዶ ያስፈረመን የለም። ቀጠናው በኤርትራ በኩል መሆኑም ድንበሩን እንደማይነካ የሰኔ 11ዱ ስምምነት ራሱ ይናገራል።

የከፈሉትን መሥዋዕትነት አከብራለሁ፣ ሻለቃ። ግን እ.ኤ.አ. በ1902 የተፈረመው የቅኝ ግዛት ዘመን ውል ማን ምሽግ እንደሰበረ አይጠይቅም። ከሰቲት ወንዝ ተነስቶ ወደ መረብ ወንዝ የሚሄድ መስመር ነው። መስመር ደግሞ መስመር ነው፤ ከሰማይም ይታይ ከምድር ያው ነው።

ሻለቃው

መስመር መስመር ነው! ይህንን ድንበሩ ላይ ወዳለው የኢሮብ ሕዝብ ሄደው ይንገሯቸው።

እዚያው ኢሮብ፣ አሊቴና ላይ ቆመው ለአንድ ገበሬ ያስረዱት። እርሻህ ወዲህ፣ የወንድምህ ቤት ወዲያ፤ አትጨነቅ፣ ከሰማይ ሲታይ አንድ ነው ይበሉት። ሳሆ የሚናገር፣ በትግራይ አስተዳደር ሥር የኖረ ሕዝብ ለሁለት ሲከፈል መስመሩ ያው አይደለም። ችካል እንኳ አልተተከለም። ኮሚሽኑ ድንበሩን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሮ ሥራውን ዘጋ። ገበሬ በኬንትሮስ ያርሳል እንዴ?

ወራሪው ማን እንደነበርም አይርሱ። በዚያው በአልጀርስ ውል የተቋቋመው ሌላው፣ የካሣ ኮሚሽኑ፣ ታኅሣሥ 1998 ኤርትራ ሕግ ጥሳ ኃይል ተጠቅማለች ብሎ ፈርዷል። ወራሪ ተሸንፎ መሬት ሲሸለም ያየሁት በእኛ ብቻ ነው።

መምህርቷ

የካሣ ኮሚሽኑ የፈረደው መጀመሪያ ማን ጦር አነሳ በሚለው ላይ ነው። መሬቱ የማን ነው የሚለው የእሱ ሥራ አልነበረም። ሁለቱን አይቀላቅሏቸው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ለድንበር ኮሚሽኑ ባስገባነው ሰነድ ፆሮናና ፎርት ካዶርና የተባሉት የድንበር ቦታዎች የኤርትራ መሆናቸው አያከራክርም ብሎ የጻፈው ማነው? የእኛው ወገን ነው። ኮሚሽኑ ያንኑ ጠቅሶ ሰጣቸው። በኋላ እንመልሰው ብንል ማን ይሰማናል? ባድመ ላይ ያቀረብነው የአስተዳደር ማስረጃም በቂ አይደለም ተባለ። ጭራሽ ውሳኔው በወጣበት ዕለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን ባድመ የእኛ ሆነች ብለው አወጁ። እውነቱን ሕዝቡ የሰማው በዓመቱ ነው። ሻለቃ፣ ዳኛው ላይ የሚጮሁት የቤት ሥራውን ያልሠራው ተማሪ እንዳይጠየቅ ነው?

ሻለቃው

ሰነድ የጻፈውን ሰው ይጠይቁት። እኔ ጠመንጃ ነው የያዝኩት።

እህቴ፣ እርስዎ ወረቀት ሲያገላብጡ ዋናው ጥያቄ አምልጦዎታል። ግንቦት 1992 ጦሩ ለምን ቁም ተባለ? ቡሬ ግንባር ላይ ነበርን። አሰብ ቅርብ ነበረች። ያኔ አሰብን ይዘን ብንደራደር ኖሮ ስለ ባድመ ዛሬ የምንከራከር ይመስልዎታል? ስህተቱ አልጀርስ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው የተሠራው።

መምህርቷ

እህትዎ አይደለሁም። በክርክር ላይ ነን፤ «መምህርት» ይበቃኛል።

አሰብ መጣች! አልጀርስ ነው ስህተቱ ብለው ጀመሩ፤ አሁን አልጀርስ አይደለም አሉ። ይህ ለእኔ ግማሽ ድል ነው። አሰብ ላይ የኤርትራ ሉዓላዊነት ተጠይቆ አያውቅም። እሷን ይዞ መደራደር ማለት ድንበር ማስከበር መሆኑ ቀርቶ እርስዎ ሲያወግዙት የቆዩት ወረራ ይሆናል።

ሻለቃው

ግማሽ ድልዎን ይያዙት። ለኢሮብ ግን አልመለሱም።

ግንቦት 28 ቀን 2010 የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ ሲል የኢሮብ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። ማን ሰማቸው? መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበር ተከፈተ ተብሎ ተጨፈረ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም የኤርትራ ወታደር ከቀበሌያችን አልወጣም እያሉ ነው። የእርስዎ «መስመር መስመር ነው» ለእነሱ ምን አተረፈላቸው?

መምህርቷ

የድንበር ኮሚሽኑ ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ መንደር እንዳይከፈል ብዬ መስመር ማንቀሳቀስ አልችልም ብሎ ነበር። ይህ ማለት ከተስማማችሁ ይቻላል ማለት ነው። እኛ ምን አደረግን? መስከረም 1996 ውሳኔው ሕገወጥና ኢፍትሐዊ ነው የሚል ደብዳቤ ለተባበሩት መንግሥታት ላክን። የፈረምከውን እየረገምክ ማስተካከያ አይለመንም። የኢሮብ በር የተዘጋው ያኔ ነው።

ሻለቃው

አስመራስ? ኅዳር 1997 በመርህ ደረጃ ተቀብለናል፣ እንነጋገር ስንል መጀመሪያ ችካሉ ይተከል ብላ እምቢ ያለችው ማነች? ያ በር ከወዲያም ተቆልፎ ነበር። እርስዎ ግን ጥፋት የሚያዩት በአንድ ወገን ብቻ ነው። ቀጣዩ ዙር ስለ አሰብ ይሁን፤ በዚያ ላይ የምለው ብዙ አለኝ።

መምህርቷ

ስለ አሰብ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ስለ ፆሮና ከሆነ ግን ሰነዱን ይዤ እመጣለሁ።