የስድስት ኪሎው እርጥብ

ትናንት ስድስት ኪሎ ጉዳይ ነበረኝና ተማሪ ሳለሁ የማዘወትራት እርጥብ ቤት ጎራ አልኩ። ቁርሴን ሳልበላ ነው የሄድኩት።

ያኔ ድንቹ ከመጥበሻው ወጥቶ ቀጥታ ትኩስ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ላዩ ላይ ዳጣ። ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ እጅ ያርስ ነበር።

አሁንስ? ድንቹ ቀዝቅዞ ተኮማትሯል። ቆጠርኩት፣ ስድስት ፍሬ! ዳቦው ስነክሰው ይፈረፈራል። ቃሪያ ስጠይቅ "ሂሳብ አለው" ተባልኩ። ኧረ ቃሪያ!

የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደከበደ አውቃለሁ። ዋጋ ይጨምሩ፣ እከፍላለሁ። ግን የቀዘቀዘ ድንች ለሰው ይሰጣል? ድሮ "ልጄ፣ ጠገብሽ?" የሚሉን እናት የት እንደሄዱ ብጠይቅ፣ ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። ግማሹን ትቼው ወጣሁ። ሆዴ ባባ።