ሬዲዮውን ፈታችሁ አታምጡልኝ፤ መኪናውን አምጡልኝ

ተናግሬ የሰለቸኝን ነገር ዛሬ በጽሑፍ ላውጣው። የመኪና መገናኛ ሬዲዮ «ሩቅ አያደርስም፣ ይቆራረጣል፣ እኛ እንሰማቸዋለን እነሱ ግን አይሰሙንም» በተባለ ቁጥር ሬዲዮው ከዳሽቦርዱ ተፈትቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። አንቴናው፣ ገመዱና ማገናኛው መኪናው ላይ ቀርተዋል። መኪናው ደግሞ ሥራ ወጥቷል። በሽተኛውን ቤት ትቶ ጤነኛውን ሐኪም ዘንድ ማምጣት ማለት ይህ ነው።

ሬዲዮውን ከ50 ኦም የሙከራ ጭነት (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን ከሚቀበል መሣሪያ) ጋር አገናኝቼ ኃይሉን እለካለሁ፤ የተጻፈለትን ዋት ይሰጣል። ደካማ ሞገድ ስሰጠው ጥርት አድርጎ ይቀበላል። «ሬዲዮው ደኅና ነው፤ አንቴናውን እንየው» ስል ፊት ይጠቁራል። ቀጥሎ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ አዲስ ሬዲዮ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው በበሰበሰ ገመድ ላይ ይሰካል፤ ያው መቆራረጥ ይቀጥላል። ገንዘቡስ ይሁን። መንገድ ላይ የቀረ ሹፌር ወይም ሕመምተኛ የጫነ አምቡላንስ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ፣ ምክንያቱ አንድ ሮንዴላ ሥር የተጠራቀመ ዝገት መሆኑ ነው ደሜን የሚያፈላው።

«እንግዲያው ዋቱን ጨምርልን» የሚሉም አሉ። ከ25 ዋት ወደ 50 ዋት መውጣት በምልክት ጥንካሬ መለኪያ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ልዩነቱን ላያስተውለውም ይችላል። ለመቀበል ደግሞ ዋት ምንም አይፈይድም። አንቴና ግን በሚላከውም በሚመጣውም ላይ ይሠራል፤ እሱ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ከአንቴናው ተንጸባርቆ የሚመለስባቸው ኃይል ሲበዛ፣ የማሰራጫ ትራንዚስተራቸው እንዳይቃጠል ራሳቸው ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። 50 ዋት የተባለው ሬዲዮ መንገድ ላይ ከዚያ እጅግ ባነሰ ኃይል ይሠራል፤ ሹፌሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የገጠማው ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ የቆመችው ዘንግ የአንቴናው ግማሽ ብቻ ናት። ሌላው ግማሽ ከሥሯ የተዘረጋው ላሜራ ነው። በ150 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሩብ ሞገድ ዘንግ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ በ450 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ 17 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። ዘንጓ በዙሪያዋ ቢያንስ የራሷን ርዝመት ያህል ብረት ትፈልጋለች። ጣሪያው መሐል ላይ ይህ ሁሉ ብረት ተዘርግቶ ይጠብቃል። ገጣሚው ግን ጣሪያ መብሳት ስለማይፈልግ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ በሁለት ብሎን ያስራትና ይሄዳል። ኮፈን ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው ግራሶ በተቀባ ማጠፊያ ነው፤ ለአንቴና ይህ ግንኙነት አይባልም። ከኮፈኑ ወደ አካሉ አጭርና ሰፊ የመዳብ ጥልፍ ማሰር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የሚያስረው ግን ማን ነው?

መያዣው ሲፈታ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። ከሮንዴላው ሥር የመኪናው ቀለም ከነአብረቅራቂነቱ አለ፤ አልተፋቀም። ብሎኑ ቀለሙን የነካበት ቦታ ላይ ቡናማ የዝገት ቀለበት ተፈጥሯል። መልቲሜትሩን ከማገናኛው ውጫዊ ብረት ወደ መኪናው አካል ስዘረጋው ቁጥሩ አይረጋም፤ አንቴናዋን በጣቴ ስነካት ይዘላል። መኪናው በኮረኮንች ላይ ሲሄድ «ሬዲዮው ይቆራረጣል» የተባለው ይኸው ነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቆ፣ አጥብቆ አስሮ፣ እንዳይዝግ መከላከያ መቀባት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

በማግኔት የምትቀመጠዋ አንቴና ቀለም ሳይፋቅላት ትሠራለች፤ በቀለሙ ውስጥ እንደ ካፓሲተር ሆና ከላሜራው ጋር ትያያዛለች። የፋይበር ግላስ ጣሪያ ላይ ግን ከሥሯ የሚይዛት ብረት የለም። ከፖርቶ መጋላው ብረት ጥግ አስጠግተው የሚያቆሟትም አሉ፤ ያ ብረት ሞገዱን እያዛባ ወደ አንድ ወገን ያጎድለዋል፤ «ወደ ፊት ስንሄድ ይሰማል፣ ስንመለስ ይጠፋል» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ገመዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የውጭ ሽፋኑን ስልጠው መዳቡ ማብራት ሲገባው ጠቁሮ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ። ማገናኛው ውኃ እንዳያስገባ በሚገባ ስላልተጠቀለለ ዝናብ ገብቶ በጥልፉ (በውጭ ሽፋኑ ሥር ባለው የመዳብ መረብ) ውስጥ ለውስጥ ሲወርድ ኖሯል። በር እየጨፈለቀው የኖረ አለ፤ በ75 ኦም የቴሌቪዥን ገመድ የተቀጠለ አለ፤ ጥልፉ በሊድ ሳይበየድ ማገናኛው ውስጥ እንዲሁ ተጠቅጥቆ የገባ አለ። ገመዱ ጤነኛ እንኳ ቢሆን፣ አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ዓይነት በ5 ሜትር ርዝመት በ150 ሜጋ ኸርዝ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ በ450 ደግሞ ሲሶውን ያህል ይበላል። የተረፈውን ጠቅልሎ ወንበር ሥር መወሸቅ ለምን እንዳስፈለገ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ቁረጡት!

«ለክተነዋል፣ ኤስ ደብልዩ አሩ ጥሩ ነው» ይሉኛል፤ ከአንቴናው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ኃይል የሚያመለክተውን ቁጥር ማለታቸው ነው። የት ላይ ለካችሁ? ሬዲዮው ጀርባ ላይ። በእርግጥ መለኪያው 1.5 ካሳየ የሚመለሰው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ 2 ሲሆን 11 በመቶ፣ 3 ሲሆን 25 በመቶ ይደርሳል። የተበላሸ ገመድ ግን መለኪያውን ያታልላል። ገመዱ ከኃይሉ ሦስት አራተኛውን የሚውጥ ከሆነ ጫፉ የሚደርሰው ሩቡ ነው፤ ያ ሩብ ተንጸባርቆ ሲመለስም ገመዱ እንደገና ሦስት አራተኛውን ይውጠዋል። አንቴናዋን ጨርሳችሁ ብትነቅሏት እንኳ መለኪያው 1.7 አካባቢ ያሳያችኋል! ስለዚህ አንቴናዋን ነቅላችሁ በቦታዋ 50 ኦም የሙከራ ጭነት ግጠሙና ኃይሉን ጫፉ ላይ ለኩት። ከሬዲዮው የወጣው እዚያ ካልደረሰ ገመዱ ነው። ኃይሉ በሚገባ ከደረሰና አንቴናዋ ስትመለስ ብቻ ንባቡ ከተበላሸ፣ ጥፋቱ አንቴናዋ ወይም መሬቷ (ከመኪናው ብረት ጋር ያላት ግንኙነት) ዘንድ ነው።

በመልቲሜትር ብቻ ፈትሸው «ሾርት ሆናለች» ብለው ጤነኛ አንቴና የሚጥሉም አሉ። አንዳንድ አንቴናዎች ከሥራቸው ወደ መሬት የተያያዘ ጥምጥም ስላላቸው በመልቲሜትር ሾርት መምሰላቸው የተፈጥሯቸው ነው። ዘንጓን ሳይለኩ የሚቆርጡትን ደግሞ ምን ልበላቸው? መጀመሪያ ከምትጠቀሙበት ድግግሞሽ በታችና በላይ ለኩ። ንባቡ የሚሻለው ከታች ከሆነ ዘንጓ ረዝማለች፤ በሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ይቀነስላታል። የሚሻለው ከላይ ከሆነ አጥራለች፤ ሌላ ዘንግ ከመግዛት በቀር መድኃኒት የለውም።

ከአንቴናው ውጭ ያለውን ባጭሩ ልበለው። ሞተር ሲጠፋ መስማቱ የሚሻሻል ከሆነ የዲናሞ ወይም የእሳት ማስነሻ ጩኸት ነው፤ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን የስልክ ቻርጀርም ነቅላችሁ ሞክሩ። እናንተ እየሰማችሁ እነሱ የማይሰሟችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ማይኩን ተጭናችሁ በምትናገሩበት ሰዓት ሬዲዮው ጀርባ ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ እዩ። 50 ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ 10 አምፔር እና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ከካሴት ማጫወቻው ሽቦ ላይ ከተጠለፈ ይታነቃል። ከባትሪው በቀጥታ፣ በወፍራም ሽቦና በፊውዝ ይምጣ።

ከገጣሚዎች የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ገጥማችሁ ስትጨርሱ የወጣውን ኃይል፣ የተመለሰውንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሬዲዮው ሥር ለጥፉ። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያመሳክርበት ቁጥር ያገኛል። ከባለቤቶች ደግሞ መኪናውን ነው የምፈልገው። ፖርቶ መጋላውን አታውርዱ፤ ጭነት ከተሸከመም ከነጭነቱ ይምጣ። ዘወትር እንደሚነዳው ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው የምለካው።